በአባቴ ላይ ሜዳውን የዘጋሁበት ጥቅምት

ልጅ በአባቱ ላይ የሚሠራው በደል ብዙ ዓይነት ነው። የእኔው ግን ለንስሐ አባት እንኳ ለማስረዳት ያስቸግራል። ሞክሬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመን «አባቴን በጨዋታ አሸነፍኳቸው» አልኳቸው። የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ «ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። ስለ አሜሪካ እግር ኳስ፣ ስለ ዞን መከላከልና ስለ ቀኝ እጅ አውራ ጣት ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ባልቴቶች መስቀል ለመሳለም ቆመዋል። «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልሜ ሄድኩ፤ አልተመለስኩም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፖርት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ትልቅ ሰው ሁሉ፣ ባለ ሱቅ ይሁን ዳኛ፣ ሲያያቸው ወገቡን ቀና ያደርጋል፤ ሜዳውን ዙር የሚሉት ይመስለዋል። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ከክፍሉ ዝቅተኛውን የስፖርት ውጤት የሰጡት ለእኔ ነው። እናቴ ስትቆጣቸው «ለልጁ አደላ እንድባል ነው?» አሏት። እውነቱን ለመናገር አልበደሉኝም። ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ዐይኔን እጨፍን ነበር። አድጌም የመሬት ቀያሽ ሆንኩ፤ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መሥራት ይሻለኛል።

ዓምና ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ ንግግራቸውም ትንሽ ከመጎተቱ በቀር ደህና ነበር። ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። እናቴ ጠበል ወሰደቻቸው፣ እኔ ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ ሁለታችንም በየፊናችን ተሯሯጥን። እሳቸውን ያስጨነቃቸው መጻፉም ልብስ መልበሱም አልነበረም፤ መብላቱ ነበር። ሰው ፊት በግራ እጅ መብላት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በሽተኛን ማንም አይነቅፍም፤ እሳቸው ግን በሽተኛ ተብለው መታለፍን አልፈለጉም። ጓዳ ገብተው ብቻቸውን በማንኪያ ይበሉ ጀመር። ለቅሶ ቤት ሄደው እህል ሲቀርብ «ቀምሻለሁ» ይላሉ። የሚካኤል ማኅበራቸው በየወሩ በአሥራ ሁለት ሲሰበሰብ በእሳቸው ፈንታ እኔን ይልካሉ።

ችግሩ፣ የኅዳር ሚካኤል ተራው የእሳቸው ነው። ማኅበርተኛው የሚደግሰው በየተራው ነው፤ ደጋሹ ከእንግዶቹ ጋር ቀርቦ ካልበላ ደግሞ ድግሱ ድግስ አይባልም። አንድ ቀን እኔንና እናቴን አስቀምጠው «እስከ ኅዳር ይህች እጅ እንጀራ ቆርሳ አፌ ካደረሰች እሰየው» አሉን። «ካላደረሰች ጽዋውን ለሌላ አስተላልፉልኝ። እኔም ከእንግዲህ ማኅበር አልገባም።» ከወጣትነታቸው ጀምሮ የጠጡት ማኅበር ነው። እናቴ ተነሥታ ወጣች።

የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ወጣት ሴት ናት፤ አባቴን «ጋሼ» ትላቸዋለች። የጎማ ኳስ እንዲጨምቁ ሰጠቻቸው። ሁለት ቀን ጨመቁት፣ በሦስተኛው ቀን ለድመቷ ወረወሩላት፤ በግራ እጃቸው። ይህን ስነግራት ሳቀች። «እንግዲያው የሚወዱትን ነገር ይፈልጉላቸው» አለችኝ። «ዋናው አውራ ጣቱ ነው። ይጫን፣ ይያዝ፣ ይልቀቅ። ጌምም ቢሆን ግድ የለኝም።»

ጌም ያለችውን ያዝኩ። በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ ላይ፣ መናኸሪያው አጠገብ የነበረ አንድ ጌም ቤት ሊዘጋ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ማጫወቻውን ከነሁለት ጆይስቲኩ ገዛሁት። የእግር ኳሱን ዲስክ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ወስዶታል። የቀረው ማንም የማይጫወተው የአሜሪካ እግር ኳስ ነበር፤ ባለቤቱ ምርቃት ብሎ ሰጠኝ። አባቴ የሽፋኑን ሥዕል አይተው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። ለካ ተማሪ ሳሉ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ እንቁላል የመሰለ ኳስ ይዞ መጥቶ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሲወረውር አይተው ኖሯል። «እየተሽከረከረ፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄደ» አሉኝ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ዐይናቸው በርቶ አላየሁም ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቀው በአጭሩ ልንገረው። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመጓዝ አራት ሙከራ አለው። የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ኳሱን አቅፎ መሮጥ ነው፤ ሯጩ የሚመራበት ዘንግ ጆይስቲኩ ላይ በግራ በኩል ስለሆነ ለዚህ የግራ አውራ ጣት ይበቃል። ሁለተኛው ወደፊት ለሚሮጡ ተቀባዮች መወርወር ነው። ከየተቀባዩ ራስ በላይ ምልክት ይወጣል፤ የዚያን ምልክት ቁልፍ በቀኝ አውራ ጣትህ ትጫናለህ። ነካ ካደረግኸው ኳሱ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጫን ብለህ ከያዝከው ቀጥ ብሎ ይበራል። ይጫን፣ ይያዝ፣ ይልቀቅ። የፊዚዮቴራፒስቷ ትእዛዝ አንድም ሳይጎድል እዚያ ውስጥ ነበር።

አባቴ መወርወር እንጂ መሮጥ አልመረጡም። መጀመሪያ ላይ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው ነበር ቁልፉ ላይ የሚያስቀምጡት። ኳሷ ከመውጣቷ በፊት የእኔ ሰዎች ወርዋሪያቸውን ጥለው ይነሣሉ። ክረምቱ ግን ረጅም ነው፤ የማርቆስ ዝናብም ከቤት አያስወጣም። ቅዳሜና እሑድ ከምሳ በኋላ መብራት እስካለ ድረስ ስንጫወት፣ ሐምሌ ሲጋመስ አውራ ጣታቸው ብቻዋን መራመድ ጀመረች። ነሐሴ ላይ ያሸንፉኝ ጀመር፤ ማሸነፍ ብቻም አይደለም፣ ያዋርዱኝ ነበር።

እኔ የምከላከለው ሰው በሰው ነበር። እያንዳንዱ የእኔ ሰው አንድ አንድ ተቀባይ ይዞ በሄደበት ይከተላል። አባቴ ይህን ዐወቁ። ሁለት ተቀባዮችን መሐል ሜዳ ላይ ያቋርጧቸዋል፤ የእኔ ተከታዮች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዱ ተቀባይ ብቻውን ይቀራል። ሠላሳ አምስት ለሰባት። አርባ ሁለት ለሰባት። «ዛሬስ ዐይንህን ገልጠሃል?» ይሉኛል ጆይስቲኩን ሲያነሡ። ሳኮርፍ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። የአርባ ዓመት ሰው ሆኜ በአባቴ መሸነፍ እንደ ልጅነቴ ነው የሚያናድደኝ። ይህን ስጽፍ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

የመስቀል ዕለት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። አምስቱንም። እናቴ እልል አለች። ፊዚዮቴራፒስቷ በዚያ ሳምንት ጣቷን አስጨብጣቸው «ጋሼ፣ በዚህ ከቀጠሉ ለኅዳር ይደርሳሉ» አለቻቸው። እዚህ ላይ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ።

በመስቀል ማግስት ለልኬት ሥራ ወደ ቁይ ገጠር ሄድኩ። የአንድ ሽማግሌ ማሳ ድንበር ላይ ቆሜ ሳለሁ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ብቅ አሉ፤ በቆሎው እሸት ነበር። ገበሬዎቹ ተነሥተው ያሯሩጧቸዋል ብዬ ስጠብቅ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እያንዳንዱ በማሳው ዳር ወንጭፉን ይዞ ቆሞ ያያል። «ምነው አያባርሯቸውም?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ዝንጀሮ ተሯሩጦ ይያዛል ብለህ ነው?» አሉኝ። «አንዱን ስታባርር ሌላው በጀርባህ ይገባል። እኛ ድንበር ድንበራችንን ይዘን ነው የምንቆም። የመጣበት ሰው ይወነጭፈዋል።»

መሣሪያዬን ይዤ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ዐይኔ ላይ የመጣው የአባቴ ተቀባዮች ናቸው። የተሰጠኝን መሬት መለካት ትቼ የጨዋታውን ሜዳ በልቤ እሸነሽን ጀመር። ሥራዬ መሬት መሸንሸን ሆኖ ሳለ ይህን እስካሁን አለማሰቤ አስገረመኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጨዋታው ዝርዝር ውስጥ ዞን የሚለውን ፈልጌ አገኘሁት። ሦስት ሰዎች ከኋላ አቁሜ ጥልቁን ሜዳ ለሦስት ከፈልኩት። አራቱን ከፊታቸው ደረደርኩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ መሬት ይጠብቃል። ወርዋሪውን የሚያሳድዱ አራት ብቻ ቀሩ። ከእንግዲህ የእኔ ሰዎች ተቀባይ አይከተሉም፤ ኳሷን ነው የሚያዩ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ሁለቱን አቋርጠው ወረወሩ። የእኔ ሰው መንገዷ ላይ ቆሞ ጠበቃትና ጠለፋት። ሁለተኛዋንም ጠለፋት። በዚያ ቀን አምስት ጠለፍኩባቸው።

ደስ አለኝ። የማላውቀው ዓይነት ደስታ ነበር። አባቴ የቴሌቪዥኑን መስኮት ቀረብ ብለው አዩት፤ ከዚያ «ጥሩ ነው። ማን አስተማረህ?» አሉኝ። «ዝንጀሮ» አልኳቸው። ሳቁ። ስፖርትን በተመለከተ በዕድሜዬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ምስጋናቸው ነው፤ ምስጋናውም ከድሉ በላይ አሰከረኝ።

እሳቸው አስተማሪ ናቸውና ቶሎ መረመሩት። ዞን ክፍተት አለው፤ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ማንም የእኔ ነው የማይለው ቦታ አለ። በሁለተኛው ቀን ያንን ክፍተት በጣታቸው አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ነው የምትሞተው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ነገር ግን ክፍተቱ ተከፍቶ የሚቆየው የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። አእምሯቸው ያየዋል፣ አውራ ጣታቸው ግን ቁልፉ ጋ ሲደርስ ክፍተቱ ተዘግቷል። ሰው በሰው ስጫወት የዘገየች አውራ ጣት ጊዜ ነበራት። ዞኑ ያንን ጊዜ ነጠቃት። ሁለት ሳምንት ያህል ሞከሩ፤ ወረወሩ፣ ተጠለፈባቸው፣ ወረወሩ፣ ተጠለፈባቸው።

ከዚያ መሮጥ ጀመሩ። አንድም ሳይወረውሩ በየሙከራው ኳሱን አቅፈው ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ። ለውርወራ የተሠራ መከላከያ ለሩጫ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው ይቀራረብ ነበር። ቢሆንም እኔ አሸንፍ ነበር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዛሬም አሸነፍካቸው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ወደ ውጭ ጠርታኝ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትተዋቸው?» አለችኝ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልኳት፤ የእሳቸውን ቃል መልሼ። «ያ ለጤነኛ ነው» አለች።

እንግዲህ ለንስሐ አባቴ መናገር ያቃተኝ ይህ ነው። በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ እሑድ፣ ወደ አባቴ ዞር አልኩ። ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በግራ እጃቸው ብቻ ይጫወታሉ። ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ገብቷል። የተኛ ሕፃን ይመስል ሸፍነውታል። አላየሁም ብል እዋሻለሁ፤ አይቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችውን የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው። «አባባ፣ ይወርውሩ እንጂ» ማለት ይቻል ነበር። ዞኑን መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፌ ነበር፤ አሥር ማድረግ ፈለግሁ። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩና አሥር አደረግሁት። ከዚያም በኋላ አላቆምኩም።

በጥቅምት መጨረሻ የሆስፒታል ቀጠሯችን ደረሰ። ፊዚዮቴራፒስቷ እንደ ልማዷ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ «ይጨብጡኝ» አለቻቸው። ጨበጡ። ፈገግታዋ ጠፋ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ባለፈው ከዚህ በጣም ተሽሎዎት ነበር» አለች። ወደ እኔ ዞራ «ጌሙን ተዋችሁት እንዴ?» ስትለኝ አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ የሰነፍኩት፣ ልጄ» አሏት። «ሰለቸኝ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰነፍ የሚለውን ቃል ለሌላ ሰው እንጂ ለራሳቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ አፌን መልሼ ዘጋሁ። እሷ ቀስ ብላ አስረዳችን፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ መሆናቸውን፣ እጁ ገና ሊሻለው እንደሚችል፣ ለኅዳር ግን እንደማይደርስ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ስለ ጤፉ ያወሩ ነበር፤ ዘንድሮ በረዶ አልመታውም አሉ። እኔም ስለ ጤፉ አወራሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዞኑን ትቼ ሰው በሰው ተሰለፍኩ። «ዛሬ ደግሞ ይወርውሩ» አልኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። አንድ ወረወሩ፣ ተቀባያቸው ያዘ። ሁለተኛ ወረወሩ። አውራ ጣታቸው ወደ ሰኔዋ ተመልሳ ነበር፤ ከመዘግየቷ የተነሣ ሁለተኛዋ ኳስ በጠባቂዬ እጅ ላይ ልታርፍ ሆነ። ጠባቂዬን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነዳሁት። ኳሷ አለፈች፣ ነጥብ ሆነ።

ጆይስቲኩን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። «ስማ» አሉኝ። «እኔ ክፍል ውስጥ ላንተ ነጥብ ጨምሬልህ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው አንተም አትጨምርልኝ።» ተነሥተው ወደ ግቢ ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተጫወትንም። አሥራ አምስት ቀን እንኳ አልቀረንም ነበር። ያሸነፍኳቸው ጊዜ ጎዳኋቸው፣ ልክሳቸው ብዬ ደግሞ አዋረድኳቸው። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ መርጬ አላውቅም።

ለኅዳር ሚካኤል እናቴ ጠላውን ጠመቀች፣ ዳቦውን ደፋች፤ ጽዋውን ለሌላ እናስተላልፍ ወይ ብሎ የደፈረ የለም። እሳቸውም አላነሡትም። እኔ ጓዳ ይቀራሉ፣ በእሳቸው ፈንታ የማስተናግደው እኔ ነኝ ብዬ ተዘጋጀሁ። ማኅበርተኞቹ ገብተው ሲቀመጡ ግን አባቴ ነጭ ለብሰው ከጓዳ ወጡና የደጋሹ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነው። የማኅበሩ ቄስ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። መሶቡ ተከፈተ፣ ወጡ ወጣ። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ደጋሹ እስኪጀምሩ ይጠብቃሉ።

አባቴ ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ከመሶቡ ጠርዝ አለፈች፣ እንጀራው ላይ ደረሰች፣ ቆረሰችም። ከጠቀለሉት በኋላ እስከ ደረታቸው አነሡት፤ እዚያ ጋ ተንቀጠቀጠችና ቁራሹ ነጠላቸው ላይ ወደቀ። ወጡ ነጩ ላይ ፈሰሰ። አንድ ማኅበርተኛ ዐይናቸውን ወደ ጣራው አነሡ። እኔ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ወደ ጓዳ ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ና፣ አጉርሰኝ» አሉኝ፤ ሜዳ ላይ ተማሪ በሚጠሩበት ድምፅ።

ታጥቤ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ቁራሹን ስጠቀልል እሳቸው ለማኅበርተኛው ያወራሉ። «ይህንን ልጅ ታውቁታላችሁ፤ ስፖርት አይሆንለትም ነበር። ዘንድሮ አንድ የፈረንጅ ጨዋታ አምጥቶ አሥራ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። መከላከል ያውቃል። አንድ ኳስ አያሳልፍም።» ፊታቸው በርቶ ነበር። የልባቸውን ነው የሚናገሩት። እኔ አሥር ላይ መቁጠር ትቻለሁ፤ እሳቸው አልተዉም ነበር። ሰዎቹ ሳቁ። አጎረስኳቸው። ቄሱ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «አባቱን የሚያጎርስ ልጅ የተባረከ ነው፤ ልጆችህም እንዲህ ያጉርሱህ» ብለው መረቁኝ። ማኅበርተኛው ሁሉ «አሜን» አለ። የእኔን አሜን ለመስማት ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።

ልነሣ ስል አባቴ በግራ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። «ወዴት ነው? ድገመኝ እንጂ» አሉ፤ ነጠላቸው ላይ የፈሰሰውን ወጥ እንዳላዩ ሆነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ደገምኳቸው።